ለሰላይ ጸሎት ይከለከላልን? በክርስቲያናዊው የፍቅርና የስለላ ልብ ወለድ ላይ ለቀረበ ነቀፋ የተሰጠ ምላሽ

ክርስቲያናዊ መንፈስ ይዞ ታሪክን፣ ፍቅርን፣ ምስጢርንና ስለላን በአንድነት የሚተርከውን የልብ ወለድ ዘውግ የሚነቅፍ አንድ ጽሑፍ በቅርቡ አንብቤአለሁ። ጽሑፉ ስድብ ሳይሆን ክርክር ስለሆነ በክርክር ሊመለስለት ይገባል። የጸሐፊው ነቀፋ ሲጨመቅ የሚከተለው ነው፤ ስለላ በውሸት የሚኖር ሙያ ስለሆነ አማኝ ሰላይን ጀግና አድርጎ ማቅረብ ኃጢአትን ማስዋብ ነው፤ በጦርነት መካከል የሁለት ሰዎችን ፍቅር መተረክ የሚሊዮኖችን መከራ ያቃልላል፤ ሴቶች በዘመናቸው ያልነበራቸውን ሚና እንደነበራቸው ተደርጎ ይጻፋል፤ ፍጻሜው ሠርግ መሆኑ ከመጀመሪያው ገጽ ስለሚታወቅ ታሪኩ ልብ አይሰቅልም፤ ምስጢሩ በምርመራ ሳይሆን በጸሎት ስለሚፈታ አንባቢ ይታለላል፤ ስለዚህም አማኝ አንባቢ ልብ ወለዱን ትቶ የእውነተኞቹን ሰዎች የሕይወት ታሪክ ቢያነብ ይሻለዋል።

እኔ ይህን ዘውግ የምወድ አንባቢ ነኝ፤ የምወደውም ድክመቱ ሳይታየኝ ቀርቶ አይደለም። ነገር ግን ከነቀፋዎቹ ሁሉ ሥር አንድ የተሳሳተ ግምት አለ ብዬ አምናለሁ። ጸሐፊው እምነት፣ ፍቅርና ስለላ ለገበያ ሲባል በግድ የተሰፉ ሦስት ጨርቆች እንደሆኑ አድርጎ ይቆጥራል። በእኔ አስተያየት ግን ሦስቱን የሚያገናኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም የታማኝነት ጥያቄ ነው። በሐሰት ስም የሚኖር ሰው ለአገሩ የገባውን ቃል ለመጠበቅ ሲል የሚወዳትን ሴት ሊዋሻት ይገደዳል፤ እርስዋን ላለመዋሸት ቢወስን ደግሞ ጓደኞቹን ለሞት አሳልፎ ሊሰጥ ይችላል፤ ይህን ሁሉ በልቡ ሲያወጣና ሲያወርድ ልብን የሚመረምር አምላክ እንደሚያየው ያምናል። አንድ ሰው ለአገሩ፣ ለወዳጁና ለፈጣሪው በአንድ ጊዜ ታማኝ መሆን ይችላልን? ይህን ጥያቄ እንዲህ አጥብቆ የሚይዝ ሌላ የልብ ወለድ ዘውግ ብዙ አይገኝም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ከሁሉ የሚከብደው የውሸት ነገር ስለሆነ እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ጸሐፊው «በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» የሚለውን ትእዛዝ ጠቅሶ ነገሩን እዚያው ይዘጋዋል። መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ግን እንዲህ በቶሎ አልዘጋውም። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 13 ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የከነዓንን ምድር የሚሰልሉ 12 ሰዎች ላከ፤ ከእነርሱ አንዱ የነበረው ኢያሱም በተራው ሁለት ሰላዮችን ወደ ኢያሪኮ ሰደደ። በዚያ ረዓብ የተባለች ጋለሞታ በሰገነቷ ላይ በተከመረ የተልባ አገዳ ውስጥ ሸሸገቻቸው። የንጉሡ ሰዎች ሲመጡባትም የከተማይቱ በር ሊዘጋ ሲል ወጥተው እንደሄዱ፣ ወዴት እንደሄዱም እንደማታውቅ ነገረቻቸው፤ ፈጥነው ቢከተሏቸው እንደሚደርሱባቸው እንኳ መከረቻቸው። ይህች ሴት ወደ ዕብራውያን በተጻፈው መልእክት ምዕራፍ 11 ከእምነት ሰዎች ጋር ተቆጥራለች፤ ያዕቆብም በመልእክቱ በሥራ የጸደቀች መሆኗን ይመሰክርላታል። የማቴዎስ ወንጌል የመጀመሪያ ምዕራፍ ደግሞ ቦዔዝን የወለደች እናት አድርጎ በክርስቶስ የዘር ሐረግ ውስጥ አስገብቷታል፤ ቦዔዝም ሩትን ያገባው ሰው ነው። በሰላዮች የተጀመረ ታሪክ በቤተሰብና በፍቅር ታሪክ ሲቀጥል የምናየው እንግዲህ በዘመናችን ልብ ወለድ ብቻ አይደለም።

ይህን የማነሣው ውሸት ተፈቅዷል ለማለት አይደለም። ሁለቱም መልእክታት ረዓብን የሚያመሰግኗት ሰዎቹን ስለ ተቀበለችና ስላዳነች ነው፤ ለንጉሡ ሰዎች የተናገረችውን ቃል አያነሡትም። ይህ ዝምታ የቤተ ክርስቲያንን መምህራን ለብዙ መቶ ዓመታት አከራክሯል። በ420 ገደማ እምነታቸውን እየሸሸጉ በምእመናን መካከል የሚኖሩ መናፍቃንን ለማጋለጥ ሲሉ አንዳንድ ክርስቲያኖች ከእነርሱ ወገን መስለው ሊገቡባቸው አሰቡ፤ ጥያቄው ሲቀርብለት ቅዱስ አውግስጢኖስ በውሸት ላይ በጻፈው በሁለተኛው ድርሳኑ አጥብቆ ከለከለ። እንደ እርሱ አስተሳሰብ ረዓብ የተመሰገነችው ለእግዚአብሔር ሕዝብ ባደረገችው ቸርነት እንጂ በውሸቷ አይደለም። ይህ እንግዲህ በቀጥታ ስለ ስለላ የተደረገ ክርክር ነው፤ ከ1600 ዓመታት በፊት የተጀመረ፣ እስካሁንም ያልተዘጋ።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ይኸው ጥያቄ በአንድ ፓስተር ሕይወት ውስጥ ገባ። ጀርመናዊው የሉተራን ፓስተር ዲትሪክ ቦንሆፈር ሂትለርን ለመጣል ያሴሩ በነበሩ ሰዎች አማካይነት አብቬር በተባለው የጀርመን ጦር የስለላ ድርጅት ውስጥ ገባ፤ ለመንግሥቱ የሚሠራ መስሎም ወደ ስዊዘርላንድና ወደ ስዊድን እየተጓዘ የሤራውን መልእክት ለውጭ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች ያደርስ ነበር። ሚያዝያ 5 ቀን 1943 ከታሰረ በኋላ በበርሊኑ የቴግል እስር ቤት ሆኖ እውነትን መናገር ማለት ምን እንደሆነ መጻፍ ጀመረ። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ አንድ መምህር በክፍል ተማሪዎች ሁሉ ፊት አንድን ሕፃን «አባትህ ብዙ ጊዜ ሰክሮ ይገባልን?» ብሎ ይጠይቀዋል። ነገሩ እውነት ቢሆንም ሕፃኑ «አይገባም» ይላል። ቦንሆፈር የሕፃኑ መልስ በቃል ሲታይ ውሸት መሆኑን አይክድም፤ ነገር ግን የቤተሰቡን ገመና የመጠየቅ መብት ሳይኖረው የጠየቀው መምህር ስለሆነ ጥፋቱ ወደ መምህሩ ይመለሳል ብሎ ይከራከራል። ከመርማሪ ፊት በየጊዜው የሚቀርብ እስረኛ ይህን ምሳሌ ለምን እንደ መረጠ መገመት አይከብድም።

አውግስጢኖስና ቦንሆፈር በዚህ ጉዳይ አይስማሙም፤ ሁለቱም ግን ጥያቄውን በአንድ ጥቅስ አላለፉትም። ጥሩ ልብ ወለድም እንደዚሁ ነው። ውሸቱን አያስውበውም፤ ዋጋ ያስከፍልበታል። አንዲት መልእክተኛ ባሏ የሞተባት መስላ በሐሰት ስም ክፍል ተከራይታለች እንበል። አከራይዋ አሮጊት በማዕድ ፊት ሲጸልዩ የዚህችን ምስኪን ልጅ ሐዘን እያነሡ፣ ከቶ ያልኖረውን ባሏን በስሙ እየጠሩ፣ እግዚአብሔር እንዲያጽናናት ይለምናሉ። በማዕዱ ዙሪያ ያሉት ሁሉ «አሜን» ይላሉ፤ እርስዋም ማለት አለባት። ለማያምን ሰላይ ያ አሜን ከሽፋን ሥራው አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ለምታምን ሴት ግን በእግዚአብሔር ፊት የተነገረ ሐሰት ነው፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ አይወስዳትም። ኃጢአትን ማስዋብ የሚባለው ይህ ከሆነ ኅሊናን በጽሑፍ ማሳየት የሚቻልበት መንገድ አይታየኝም። አንዳንድ ደራስያን ይህን ሸክም ሳያሸክሙ ገጸ ባሕርያቸውን በደስታ እንደሚያዋሹ አውቃለሁ፤ የጸሐፊው ነቀፋ እነዚያን በትክክል ያገኛቸዋል።

ሁለተኛው ነቀፋ ፍቅሩ ጦርነቱን ያቃልላል የሚል ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ፍቅርን ከጦርነቱ ውጭ እንዳለ ማረፊያ ይቆጥረዋል። በስለላ ዓለም ግን ፍቅር ማረፊያ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሥራው መነሻ ወይም የጠላት መያዣ ነው። ቤልጅየማዊቷ ገብርኤል ፔቲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆሰለ ወታደር እጮኛዋን ከተያዘችው አገሯ አስወጥታ ወደ ሆላንድ አሻገረችው፤ በዚያ ጉዞ ያየችውን ያወቁ የእንግሊዝ የስለላ ሰዎችም ለሥራ መለመሏት። ሚያዝያ 1 ቀን 1916 በጥይት ስትገደል ዕድሜዋ 23 ነበር። የዚህች ሴት ፍቅር ከታሪኩ ቢወጣ ስለላው ራሱ መነሻ ያጣል።

የቦንሆፈር ነገር ደግሞ ከዚህ ይልቅ ልብ ይነካል። ከመታሰሩ ከሦስት ወር ያህል በፊት፣ በጥር 1943፣ ለ18 ዓመቷ ለማሪያ ፎን ቬደማየር ታጭቶ ነበር። መርማሪው አንድ ቀን ማሪያን ያለ ማስጠንቀቂያ ወደ ነበረበት ክፍል አስገባት፤ ቦንሆፈር ደንግጦ በመጀመሪያ ዝም አለ፤ ቀጥሎ እንደ ወትሮው ተረጋግቶ ማውራት ጀመረ። ማሪያ በኋላ እንደ ተረከችው ስሜቱ የታወቃት እጇን አጥብቆ በመያዙ ብቻ ነበር፤ መርማሪው መሣሪያ አድርጎ እንደ ተጠቀመባትም ገባት። በዚሁ እስር ዘመን ቤተሰቡ በሚልኩለትና በሚመልስላቸው መጻሕፍት ውስጥ ምስጢር ይለዋወጡ ነበር፤ ከመጨረሻው ገጽ ወደ ፊተኛው እየተመለሱ ከየጥቂት ገጹ በአንድ ፊደል ሥር ደብዘዝ ያለ የእርሳስ ነጥብ ያደርጋሉ፤ ፊደላቱ ሲገጣጠሙ ለምርመራው ምን መመለስ እንዳለበት የሚያስታውቅ ቃል ይወጣል። ለእጮኛው በጻፈው ደብዳቤ ደግሞ ትዳራቸው ለእግዚአብሔር ምድር የሚሰጥ የእሺታ ቃል እንዲሆን ተመኘ። ሠርጉ አልሆነም፤ ሚያዝያ 9 ቀን 1945 በፍሎሰንቡርግ ካምፕ ተሰቀለ። እምነት፣ ፍቅርና የምስጢር ጽሑፍ በአንድ የእስር ክፍል ውስጥ እንዲህ ከተገኙ፣ ሦስቱን አንድ ላይ ያመጣቸው ገበያ ነው ማለት እንዴት ይቻላል? ከተማ እየነደደ ስለ ዓይን ቀለምና ስለ ልብ ምት ብቻ የሚያወሩ ገጾች መኖራቸውን ግን አልክድም። እነርሱን ለመከላከል አልጽፍም።

ሦስተኛው፣ ሴቶች በዘመኑ እንዲህ ያለ ሚና አልነበራቸውም የሚለው ነቀፋ በቀላሉ የሚመለስ ነው፤ መዝገቡ ይቃወመዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን በያዘችው ቤልጅየምና ሰሜናዊ ፈረንሳይ «ነጯ እመቤት» የተባለ የስለላ መረብ 1000 ያህል አባላት ነበሩት፤ ሴቶች፣ ካህናትና መነኮሳይያት በብዛት አገልግለውበታል። መሪው ዋልቴር ደዌ የስልክ መሐንዲስና ጽኑ ካቶሊክ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዳግመኛ መረብ ዘርግቶ በ1944 ጀርመኖች ብራስልስ ውስጥ ገደሉት። የመረቡ ዋና ሥራ ባቡር መቁጠር ነበር። በፉርሚ ከተማ በሐዲድ ዳር የሚኖር አንድ ቤተሰብ፣ ሁለት ልጃገረዶቹ ሳይቀሩ፣ ቀንና ሌሊት እየተፈራረቀ በመስኮት ያያል። ለወታደር ፉርጎ የባቄላ ዘር፣ ለፈረስ ፉርጎ ቺኮሪ (እንደ ቡና ተቆልቶ የሚጠጣ ሥር)፣ ለመድፍ ፉርጎ ቡና ለብቻ እያስቀመጡ ይቆጥራሉ፤ የተጻፈውን ሪፖርት ደግሞ ውስጡ ባዶ በሆነ የማእድ ቤት መጥረጊያ እጀታ ውስጥ ይሸሽጉታል። ቤቱን የሚፈትሽ ወታደር የሚያየው ጓዳ ብቻ ነው። እንዲያውም ሴቶች የተመረጡት ጠላትም እንደ ጸሐፊያችን በእነርሱ ላይ እንዲህ ያለ ሥራ ስላልጠረጠረ ነው።

እንግሊዛዊቷ ነርስ ኢዲት ካቬልም በዚሁ አገር ነበረች። የአንግሊካን ካህን ልጅ፣ በብራስልስ የነርሶች ማሠልጠኛ ኃላፊ ስትሆን፣ 200 ያህል የተባባሪዎቹ ኃይሎች ወታደሮች ከጠላት እጅ እንዲያመልጡ ረድታለች። ወታደሮቹን በምስጢር ሸሸገች፤ ተይዛ ስትጠየቅ ግን ያደረገችውን ሳትሸሽግ ተናገረች። ጥቅምት 12 ቀን 1915 ከመገደሏ በፊት በነበረው ሌሊት ሥጋ ወደሙ ተቀብላ ለካህኑ የነገረችው፣ አገርን መውደድ ብቻውን እንደማይበቃ፣ በማንም ላይ ጥላቻና ምሬት እንዲኖራት እንደማይገባ ነው። መደበቅን ያወቀች፣ ስለ ራስዋ ግን መዋሸትን እምቢ ያለች ሴት ናት። ከላይ ያነሣሁት የውሸት ክርክር በእርስዋ ሕይወት ውስጥ ሌላ መልስ አግኝቷል፤ አንድ ደራሲ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል?

ፍጻሜው ይታወቃል የሚለውን በአጭሩ አልፈዋለሁ። የአሜሪካ የፍቅር ልብ ወለድ ደራስያን ማኅበር ራሱ ዘውጉን ሲተረጉም ማእከላዊ የፍቅር ታሪክና ተስፋ ያለው ፍጻሜ እንዲኖር ይጠይቃል፤ ስለዚህ አንባቢው መጽሐፉን ሲከፍት ውሉን ያውቃል። የማያውቀው ወደዚያ ፍጻሜ ለመድረስ ማን ምን እንደሚከፍል ነው። ምእመናን በየዓመቱ የሕማማቱን ንባብ ሲሰሙ ትንሣኤው እንደሚመጣ እያወቁ ያለቅሳሉ፤ ማወቃቸው ልቅሶውን አላስቀረውም።

አምስተኛው፣ ምስጢሩ በጸሎት ይፈታል የሚለው ነቀፋ፣ በአብዛኛው ትክክል ነው፤ በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እቆማለሁ። ሮናልድ ኖክስ የተባለ እንግሊዛዊ የካቶሊክ ቄስና የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ደራሲ በ1929 ለዘውጉ አሥር ሕግጋት አውጥቶ ነበር። ከእነርሱ አንዱ ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይል ምስጢሩን እንዳይፈታ ይከለክላል፤ ሌላው መርማሪው በአጋጣሚ ወይም ምክንያቱ በማይታወቅ የልብ ጥርጣሬ እንዳይረዳ ያዝዛል። ይህን ያወጣው በተአምር የማያምን ሰው ሳይሆን በየዕለቱ የሚቀድስ ቄስ ነው። ምክንያቱም ለአንባቢ ፍንጮቹን ሰጥቶ እንዲያስብ ከጋበዙት በኋላ መልሱን ከሰማይ ማውረድ ፍትሐዊ አይደለም፤ እግዚአብሔርንም የደራሲው መውጫ ቀዳዳ ያደርገዋል።

ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ ጸሎት በምስጢር ታሪክ ውስጥ ቦታ የለውም ማለት አይቻልም። ቦታው ሌላ ነው። ጀግናይቱ ከዳተኛው ማን እንደሆነ ልታውቅ የሚገባት ከተቃጠለው ደብዳቤ ቁራጭ፣ ካልተጣጣመው የባቡር ሰዓት፣ ከምስክሩ የምላስ ስሕተት ነው። ከዳተኛው የምትወደው ሰው ሆኖ ሲገኝ ምን እንደምታደርግ ግን ፍንጭ አይነግራትም። ጸሎት የሚገባው እዚያ ነው። የምትለምነውም መረጃ ሳይሆን ያወቀችውን ለመሸከምና ሳትጠላ ለመፍረድ የሚሆን ጽናት ነው። መልሱ ዝምታ ሊሆንም ይችላል፤ በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ያልተመለሱ ልመናዎች ስንት ናቸው! በመጨረሻው ምዕራፍ ሁሉም በአንድ ሌሊት ንስሐ የሚገቡበትን ልማድ ደራስያኑ ቢተዉት እኔም ደስ ይለኛል።

የመጨረሻው፣ ልብ ወለዱን ትተን የሕይወት ታሪክ እናንብብ የሚለው ምክር ይቀራል። የሕይወት ታሪክን ማንበብ መልካም ነው፤ እዚህ የጠቀስኋቸውን ሰዎች የማውቃቸው በዚያ መንገድ ነው። ነገር ግን ሰላይ ሥራውን በደንብ ከሠራ ወረቀቱን ያቃጥላል፤ የተሳካለት ሰላይ ብዙ ጊዜ የሕይወት ታሪክ የለውም። በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ጊዜ በ1778 ለጆርጅ ዋሽንግተን መረጃ ለማቅረብ በተቋቋመው «ከልፐር» በተባለው የስለላ መረብ የምስጢር መዝገብ ውስጥ ዋሽንግተን 711 ቁጥር ነበር፤ 355 ደግሞ «እመቤት» ማለት ነው። መረቡን ያደራጀው የካህን ልጅ የነበረው ቤንጃሚን ታልማጅ ነው። ከመረቡ ሰዎች አንዱ አብርሃም ዉድኸል በ1779 በጻፈው ደብዳቤ በሚያውቃት በአንዲት 355 ርዳታ ጠላትን በብልሃት ሊያልፍ እንደሚችል ገለጠ። ስለ እርስዋ በዚያ የተጻፈው ይህ ብቻ ነው። ስሟ፣ እምነቷ፣ የወደደችው ሰው፣ የከፈለችው ዋጋ በመዝገብ የለም። ታሪክ ጸሐፊ እዚህ ሲደርስ ማቆም ግዴታው ነው። ልብ ወለድ ደራሲ ግን በዘመኑ የነበረውን ልብስ፣ መንገድ፣ ሕግና ጸሎት በጥንቃቄ አጥንቶ ይህች ሴት ማን ልትሆን ትችል እንደነበረ ሊያስብ ይችላል፤ ብዙዎችም አስበዋል።

በዚህ ላይ ግን ከደራስያኑ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ ጸሐፊው ቢያነሣው ኖሮ ከነቀፋዎቹ ሁሉ የሚበረታው ይህ በሆነ ነበር። በመጽሐፉ መጨረሻ በሚቀመጠው የደራሲ ማስታወሻ ውስጥ የትኛው ሰው በእርግጥ እንደኖረ፣ የትኛው ደብዳቤ በእርግጥ እንደተጻፈ፣ የትኛውስ ከደራሲው አሳብ እንደመጣ በግልጽ ይለይልን። ስለ 355 አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ መኖሩን ሳይናገር ሙሉ የፍቅር ታሪክ የሚሰጠን ደራሲ አንባቢውን እያሳሳተ ነው፤ ሰላዩን ስለ ውሸቱ በኅሊናው ፊት የሚያቆም መጽሐፍም ራሱ ከዚህ ፍርድ ነጻ ሊሆን አይችልም።